መመለሻው የተዘጋ እግር

“ይሄ እግር ከእኛ ቤት አልወጣም። ይዘሽው ነው የመጣሽው።”

አማቴ ይህን ያሉኝ አልጋዬ አጠገብ ቆመው፣ ብርድ ልብሱን እስከ ጉልበቴ ገልጠው፣ ዓይን ዓይኔን እያዩ ነው። አራስ ነበርኩ። ልጄ በቀኜ ተኝቷል። እሳቸው የሚያዩት ግራ እግሬን ነው። ባቱ ተወጥሮ ያብለጨልጫል፤ ቁርጭምጭሚቱ የት እንደገባ አይታወቅም፤ ቆዳው ቀይም ሆኗል፣ ሰማያዊም ሆኗል፣ ሲነኩት ይፋጃል። ከማግባቴ በፊት ገበያው አጠገብ ጫማ ቤት እሠራ ስለነበር የሰው እግር በዓይኔ እለካለሁ። ሁለቱ እግሮቼ የአንድ ሰው አይመስሉም ነበር። እንዲህ ያለ ደንበኛ ቢመጣብኝ ለግራው ለብቻው ሌላ ቁጥር አወርድለት ነበር።

“ትናንት ነው የጀመረኝ” አልኳቸው።

“ውሸት። ካልሲ ማድረግ ከጀመርሽ ሰነበትሽ።”

እውነታቸውን ነው። ካልሲ ያደረግኩትም እሳቸው ያሰቡትን እኔም ስላሰብኩ ነው።

ወላይታ ውስጥ እግር ሲያብጥ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው የአፈሩን በሽታ ነው። ቀዩ አፈር ላይ ዕድሜውን በባዶ እግሩ የሄደ ሰው እግሩ ያብጣል፣ ቆዳው ይወፍራል፣ ጣቶቹ ይቋጠራሉ። ሐኪም አፈሩ ነው ይላል፤ ጫማ አድርጉ፣ እግር ታጠቡ ይላል። ሰው ግን ዘር ነው ይላል። ሽማግሌ ልጅ ሊጠይቅ ከመላኩ በፊት ቤተሰቡ በጎን የሚያጣራው “እዚያ ቤት እግር አለ ወይ?” የሚለውን ነው። ሌላው ነገር ሁሉ ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው።

እኛ ቤት አለ። ሃላሌ የምትኖረው አክስቴ፣ የእናቴ ታላቅ እህት፣ ሁለቱም እግሮቿ እንዲያ ናቸው። ቤተ ክርስቲያን የምትቀመጠው በሩ አጠገብ፣ መጨረሻው ወንበር ላይ ነው፤ ነጠላዋን ወደ ታች ሳብ አድርጋ ጫማዋን ትሸፍናለች። ልጅ ሆኜ ፀጉሬን የምትሠራኝ እሷ ነበረች። ጉልበቷ መሃል ቁጭ ብዬ እግሯን ከቅርብ እያየሁ የራሴን ጣቶች በእጄ እዳስስ ነበር፤ መቼ ነው የሚጀምረኝ እያልኩ። ሽማግሌዎች እኔን ሊጠይቁ በመጡ ቀን ማንም ሳይነግራት ማልዳ ተነስታ ጎረቤት ሄዳ ዋለች። ማንም የት ሄደች አላለም። ሽማግሌዎቹም ጠየቁ፣ የእኛም ሰዎች “የለም” አሉ።

እንግዲህ አማቴ ብርድ ልብሱን ሲገልጡ ያ ቀን ነበር የተገለጠው።

እኔ አንድ ቦታ መቀመጥ የማልችል ሰው ነኝ። ሁለተኛ ደረጃ ስማር አስተማሪያችን “አንቺ ልጅ፣ ወንበርሽ ላይ እሾህ አለ እንዴ?” ይለኝ ነበር። ጫማ ቤትም ደንበኛ ባይኖር መደርደሪያ አወርዳለሁ፣ መልሼ እደረድራለሁ። ወልጄ ግን አሰሩኝ። በኦፕራሲዮን ስለወለድኩ ጭራሽ ሰበብ አገኙ። ከአልጋ ወርጄ ካዩኝ አማቴ “አጥንትሽ አልገጠመም!” ብለው ይጮሃሉ። ቅቤ የዋጠ ሙቿ፣ የእንሰት ምግብ፣ በጎድጓዳ ሳህን ይመጣል፣ እበላለሁ፣ እተኛለሁ። ገንፎ ይመጣል፣ እበላለሁ፣ እተኛለሁ። በእሳቸው ቤት አራስ ወፍራና ቀልታ ገበያ ወጥታ እስክትታይ ድረስ ከጓዳ አትወጣም፤ ያ ቀን የአማቲቱም ክብር ነው፣ ሰው አራሷን አይቶ አማቷን ነው የሚያመሰግነው። ሽንት ቤት እንኳ ስሄድ ደግፈው ወስደው ደግፈው ይመልሱኝ ነበር። ፍቅር ነው። ግን እግሬ መሄድ ምን እንደሆነ ረሳ።

ከዚያ ቀን በኋላ እግሬን በድብቅ ያጥቡት ጀመር። መጋረጃውን ይዘጋሉ፤ ሳፋ ለብ ባለ ውኃ ይሞላሉ፤ በረኪና ጠብ ያደርጉበታል፤ በሳሙና አሽተው፣ አድርቀው ቫዝሊን ይቀቡኛል። ለአፈሩ በሽታ እንዲህ እንደሚደረግ ያውቃሉ፤ አገሩ ሁሉ ያውቃል። ተንበርክከው ነው የሚያጥቡኝ። ልጣላቸው እፈልጋለሁ፣ ደግሞ አናታቸውን ከላይ ሳየው ያሳዝኑኛል።

“ለልጄ አትንገሪው” ይሉኛል። ልጃቸው ባሌ ነው። መንገድ ሥራ ላይ ሌላ አገር ነው ያለው፤ በስልክ ነው የምንገናኘው።

“ያመኛል እማማ። ያቺ በሽታ እንዲህ ታማለች እንዴ? አክስ—” ብዬ አፌን ያዝኩ።

ቀና ብለው አዩኝ። “አክስትሽ ምን?”

“ምንም።”

ቫዝሊኑን ከደኑት።  ሌላ ሳይጠይቁኝ ሲቀሩ የባሰ ፈራሁ።

ጎረቤት እየመጣ “አራሷ አማረባት!” ይላል። የቤተ ክርስቲያን እህቶች መጥተው ብርድ ልብሱ ላይ እጃቸውን ጭነው ይጸልያሉ። አንዷ በጸሎቱ መሃል ባቴን ጫን ስታደርገው ጥርሴን ነክሼ “አሜን!” ብዬ ጮህኩ። መንፈስ የነካኝ መስሏቸው ደስ አላቸው። እብጠቱ ግን ከጉልበት አልፎ ወደ ጭኔ ወጣ። ያን ጊዜ አማቴም ፈሩ።

“ሐኪም ቤት እንሂድ” አልኩ።

“የት? እዚህ ሶዶ ያበጠ እግር የሚታጠብበት ክሊኒክ በር ላይ የማያውቀን ማን አለ?” አሉ። አስበው አስበው “ሁምቦ፣ ተበላ ከተማ እንሂድ” አሉኝ። “እዚያም እግር የሚያይ ነርስ አለ አሉ። በገበያው ቀን ከሆነ ገበያ የሄድን እንመስላለን።”

አራስ በር ላይ ፀሐይ እንኳ መሞቅ አትችልም ነበር፤ ለመደበቅ ሲሆን መንገዱ ሁሉ ተፈቀደ። ጋቢ አልብሰው፣ ልጁን እሳቸው አቅፈው፣ በጓሮ በር አወጡኝ። ሚኒባሱ እስኪሞላ ጠበቅን። የመጨረሻው ወንበር ላይ፣ በእሳቸውና ዶሮ በያዘች ሴት መሃል፣ ያ እግር ከፊተኛው ወንበር ሥር ተጣጥፎ ተቀምጦ ሄደ። ተበላ ደርሰን ከሚኒባሱ ስንወርድ ደረጃውን ረግጬ ትንፋሽ አጠረኝ። ወፍሬ ነው አልኩ። ሁምቦ ቆላ ነው፣ ሙቀቱ ነው አልኩ። ሰው ሲፈራ ለሁሉም ነገር ምክንያት ያገኛል።

ተበላ ያለው ነርስ ወጣት ነው። የአንድ እግሬን ካልሲ ብቻ ሳወልቅ “ሁለቱንም” አለኝ። አወለቅኩ። ጎን ለጎን አድርጎ አያቸው። በልብስ ሰፊ ሜትር ሁለቱንም ባት ለካ፣ ከዚያ በእጁ ጀርባ ነካ አደረገው።

“መቼ ጀመረሽ?”

አማቴ ቀደሙኝ። “ቆይቷል። ከቤታቸው ነው።”

“እሷን ነው የጠየቅኩት እማማ።”

“ከወለድኩ በኋላ ነው” አልኩ። “ከባቴ ጀመረ፣ በቀናት ውስጥ ወደ ላይ ወጣ።”

“ከወለድሽ በኋላ ምን ስትሠሪ ነበር?”

“ተኝቼ።”

“ትንፋሽ ያጥርሻል? ደረትሽን ይወጋሻል?”

ስለ ሚኒባሱ ደረጃ ነገርኩት። ፊቱ ተለወጠ። ሰው ሲታከም የሐኪሙን ፊት ነው የሚያነበው፤ እኔም አነበብኩት።

“እዚህ የማየው እግር ከጣት ነው የሚጀምረው” አለ። “ቀስ እያለ፣ በዓመታት። ብዙውን ጊዜ ሁለቱንም ይይዛል። ያንቺ አንድ ነው፣ ድንገት ነው፣ ያቃጥላል፤ አራስ ነሽ፣ ተኝተሽ ነው የከረምሽው። የውስጠኛው ደም ሥር ውስጥ ደም ረግቶብሽ ይሆናል። ማረጋገጫው ማሽን ነው፣ እኛ ጋ የለም። አሁኑኑ ወደ ሶዶ ትመለሻለሽ።”

“የአፈሩ አይደለም?” አሉ አማቴ።

“አይመስለኝም።”

“የዘር አይደለም?”

“አይደለም እማማ።”

“ጦሳ ጋላታይስ!” ብለው ሁለት እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉ። በወላይትኛ እግዚአብሔርን ማመስገናቸው ነው። ነርሱን ትከሻውን ሳሙት። ጎንበስ ብለው ያንን ሲሸፍኑት የከረሙትን እግሬን ጉልበቱ ላይ ሳሙት።

“እማማ፣ ይሄ ሊገድላት ይችላል” አላቸው ነርሱ ድምፁን ከፍ አድርጎ። “የረጋው ደም ከእግሯ ተነስቶ ሳንባዋ ላይ ከተቀመጠ ይገድላል። እየነገርኩዎት ነው።”

“ጌታ ከጠራን ማን ይቀራል ልጄ!” አሉት። ፊታቸው አሁንም ያበራ ነበር። ሞት ለእሳቸው ነውር የለበትም።

ነርሱ በቆሎ ጭኖ ወደ ሶዶ የሚመለስ ፒክአፕ ለምኖ ጋቢና አስገባን። በእግርሽ አትሂጂ ብሎኝ እስከ መኪናው በተሽከርካሪ ወንበር ነው የወሰደኝ። አማቴ መንገዱን ሙሉ ስልክ ላይ ነበሩ። “አይደለም! አይደለም አሉን! ደም ነው!” ለእህታቸው፣ ለጎረቤት፣ ለቤተ ክርስቲያን ሰብሳቢዋ። ምስጢር ሆኖ የሄደው ነገር ብሥራት ሆኖ ተመለሰ።

እኔ ደግሞ ትንፋሼን በቁጠባ እስብ ነበር። ነርሱ “ከተነሳ” ያላት ቃል ጭንቅላቴ ውስጥ ተተከለች። የተኛ ነገር ነው፣ ከቀሰቀስኩት ይነሳል ብዬ አሰብኩ። ሹፌሩ ጉድጓድ ውስጥ ጎማውን ባስገባ ቁጥር ጭኔን በሁለት እጄ ጨብጬ እይዘው ነበር፤ ደሙ እንዳይወጣ መንገድ እንደመዝጋት። ማሳል ፈራሁ። ልጄ ሲያለቅስ ጡቴን ሰጠሁትና “አሁን ብሞት ወተቱ ስንት ሰዓት ይቆያል?” የሚል ሐሳብ መጣብኝ። ከየት እንደመጣ አላውቅም። እንዲህ ዓይነት ሐሳብ አስቤ አላውቅም ነበር።

ሆስፒታል አልትራሳውንድ ክፍሉ በር ላይ አግዳሚ ወንበር አለ። እግሬን ወንበሩ ላይ ዘርግቼ ስጠብቅ አጠገቤ የተቀመጡ ሽማግሌ፣ ኮፍያ ያደረጉ፣ እግሬን አዩና፣

“መውረጃው ነው መመለሻው?” አሉኝ።

“ምን አሉኝ?”

“የተዘጋብሽ ነዋ! የኔ መውረጃው ነው። ደም ከልብ ወደ እግር የሚወርድበት። ስኳርና ሲጋራ ተባብረው ዘጉት።” የግራ ጫማቸውን አወለቁ። ትንሿ ጣታቸው እንደ ከሰል ጠቁራለች። “ንኪው። አትፍሪ። በረዶ ነው።”

ነካሁት። በረዶ ነበር። የእኔ ይፋጃል፣ የእሳቸው ቀዝቅዟል።

“ዕድሜዬን የጭነት መኪና ነዳሁ” አሉ። “ሞያሌ በለው፣ ጂቡቲ በለው፣ አልቆምኩም። አሁን ከቤቴ እስከ ሱቅ ስሄድ በየመብራት ምሰሶው ሥር እቆማለሁ። ባቴን ጭምድድ ያደርገኛል፤ ትንሽ ቆሜ ሳርፍ ይለቀኛል፤ ደግሞ እሄዳለሁ። የሰፈር ልጆች ‘ምሰሶ ቆጣሪው’ ብለውኛል።”

አማቴ ሳቁ። ከወዲያ ያለችው ሴትዮ፣ አስተማሪ ነች፣ እሷም ሳቀችና ቀሚሷን ትንሽ ሰብሰብ አድርጋ ባቷን አሳየችን። ደም ሥሮቿ ከቆዳው ሥር እንደ ገመድ ተጠማዝዘው ወጥተዋል። “የኔ ደግሞ አልተዘጋም ጋሼ” አለች። “ውስጡ ደሙን ወደ ላይ የሚያሳልፍ በር አለው አሉኝ፤ በሩ ላላ። ቆሜ ሳስተምር ደሙ ተመልሶ ይወርዳል። ማታ እግሬ ድንጋይ ይሆናል።”

“አንዱ መውረጃው፣ አንዱ መመለሻው፣ አንዱ በሩ!” አሉ ሽማግሌው ሹፌር። “ይሄ ጋራዥ ነው እንጂ ሆስፒታል ነው?”

ሁሉም ሳቁ። እኔ አልቻልኩም። መሳቅም ደሙን ይቀሰቅሰው ይሆን እያልኩ ነበር። ሹፌሩ አስተዋሉኝ። ድምፃቸውን ቀንሰው፣ “ልጄ፣ ከእኛ ሁሉ የምትፈጥነው ያንቺ ናት። መጀመሪያ ግቢ” አሉኝ፤ ተራቸው ሲጠራ ተራቸውን ሰጡኝ። አዝነውልኝ መሆኑን ሳውቅ ከተበላው ነርስ ፊት በላይ አስፈራኝ።

ዶክተሯ ቀዝቃዛ ነገር ብሽሽቴ ላይ ቀባችና መሣሪያውን እየተጫነች ወረደች። ስክሪኑ ላይ የሚታየው ግራጫ ነው፣ ዝናብ የመታው መስታወት ይመስላል። “እዪ” አለችኝ። “ይሄ ክቡ መመለሻው ደም ሥር ነው። ጤነኛ ቢሆን ስጫነው ይጨፈለቃል። ያንቺ አይጨፈለቅም። ውስጡ ሞልቷል።” ተጫነችው። ክቡ እንደ ዓይን አፍጥጦ አየኝ እንጂ አልተጨፈለቀም። ከብሽሽት እስከ ጉልበት እንደዚያ ነበር።

“እግሬ ይቆረጣል?”

“አይቆረጥም።”

“እሞታለሁ?”

መሣሪያውን ጠረገች። “በጊዜ መጥተሻል። መድኃኒቱን በሥርዓት ከወሰድሽ አደጋው በጣም ይቀንሳል።”

እኔ የፈለግኩት “አትሞቺም” የሚለውን ነበር። “በጣም ይቀንሳል” ሌላ ነገር ነው። ያንን ቃል ይዤ ነው አልጋ የያዝኩት። ጣቴ ላይ የትንፋሽ መለኪያ አድርገው “ሳንባሽ እስካሁን ደህና ነው” ሲሉኝም የሰማሁት “እስካሁን” የሚለውን ብቻ ነው።

ደም ማቅጠኛ መርፌ ሆዴ ቆዳ ሥር ይወጉኝ ጀመር። ከኦፕራሲዮኑ ጠባሳ ወዲህና ወዲያ ሆዴ በለዘ። ከዚያ ክኒኑ ተጨመረ። ዶክተሯ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ ለእኔም ለአማቴም፣ ቀስ ብላ አስረዳችን። መውለድ በራሱ ደም ያወፍራል፤ ኦፕራሲዮን ይጨምርበታል፤ ተኝቶ መክረም ደግሞ ይጨርሰዋል። ባት ሲንቀሳቀስ ነው ደሙን ወደ ላይ የሚገፋው። “ማነው ተኚ ያለሽ?” አለችኝ። ጣሪያውን አየሁ። አማቴም ጣሪያውን አዩ።

ክኒኑ የረጋውን አያሟሟውም፤ እንዳይጨምር ብቻ ይከለክላል፤ የረጋውን ሰውነት ራሱ ቀስ እያለ ይጠርገዋል አለች። የክኒኑን መጠን ደግሞ ደም እየመረመሩ ነው የሚያውቁት፤ ሲያንስ ይረጋል፣ ሲበዛ ያደማል። ድድሽ ከደማ፣ ሽንትሽ ከቀላ ነይ። ደረትሽን ከወጋሽ ወይ ትንፋሽ ካጠረሽ ደግሞ ማንንም ሳትጠይቂ ነይ። ሌላ የሕመም ማስታገሻ ከሱቅ ገዝተሽ እንዳትውጪ። የወሊድ መከላከያ ከመጀመርሽ በፊት ለእኔ ንገሪኝ፤ አንዳንዱ ደም ያረጋል። ይህን ጠባብ ካልሲ አድርጊ፤ ስትቀመጪ እግርሽን ከፍ አድርጊ። እና ሂጂ፣ በየቀኑ በእግርሽ ሂጂ።

“ጎመን ግን በልክ” አለች። “አረንጓዴ ቅጠል ከመድኃኒቱ ጋር ይጣላል።”

አማቴ ነቃ አሉ። “ጎመን ከልክላችሁ ወላይታን ምን ልታበሉት ነው?”

“አልከለከልኩም እማማ፤ ትብላ። ዛሬ ጭልፋ፣ ነገ ድስት ሙሉ አይሁን ነው ያልኩት። ሁልጊዜ እኩል።” ከዚያ ጣቷን አነሳች። “አንድ ነገር ግን እከለክላለሁ። ማንም ይህን እግር እንዳያሸው። ቅቤም፣ ቅባትም፣ እጅም። የረጋው ተቆርሶ ሊሄድ ይችላል።”

“እሺ” አሉ አማቴ። ሰምቻቸዋለሁ፤ “እሺ” ብለዋል።

ቤት ስንመለስ መጋረጃው ተከፈተ። ካልሲ ሥር ያደረው እግር አሁን ትራስ ላይ ወጥቶ ለእንግዳ ይታይ ጀመር። “ደም ረግቶባት ነው፣ በማሽን ታይቷል!” ይላሉ አማቴ፣ ልክ ዲፕሎማ እንዳመጣሁላቸው። ሃላሌ ያለችው አክስቴ ደወለች። “የኔ ዓይነት አይደለም አሉኝ” አለች።

“አይደለም አክስቴ።”

“እግዚአብሔር ይመስገን” አለች። ትንፋሿ ይሰማኛል። “በቃ እንዲህ ከሆነ ደህና” ብላ ዘጋችው።  የምላት ነበረኝ፤ ምን እንደሆነ ግን አላወቅኩትም።

ሰው ሲኖር ፍርሃቱን እረሳዋለሁ። ሁሉም ሲሄዱ ግን ጆሮዬን ወደ ደረቴ አደርጋለሁ። ጎኔን ትንሽ ሲወጋኝ መጣ እላለሁ። ጋዝ ሆኖ ይወጣል፤ እፍረትም ሳቅም ያንቀኛል፤ ቆይቶ እንደገና መጣ እላለሁ። ልጄ ያን ሰሞን ፊቴን ማወቅ ጀምሮ ነበር። ስስቅለት ይስቃል። ደጋግሜ አልሳቅኩለትም። እንዲለምደኝ አልፈለግኩም።

ልሂድ ስል ደግሞ ጦርነት ነው። ግቢ ውስጥ ወዲህ ወዲያ ስል አማቴ ከጓዳ ይወጣሉ። “ነፋስ ይገባሻል! አጥንትሽ አልገጠመም!”

“ዶክተሯ ሂጂ ብላለች።”

“እሷ ወልዳለች?”

“እኔ እንጃ።”

“እኔ ወልጃለሁ። ሁሉንም ተኝቼ ነው ያሳደግኳቸው። ይኸው እግሬ።” ቀሚሳቸውን ገለብ አድርገው ያሳዩኛል። ቀጭን፣ ጠንካራ፣ ደህና እግር ነው። 

ደሜ የሚመረመርበት ቀን ጠዋት ተነስቼ ልብሴን ስለብስ አማቴ አንዲት ሴትዮ አስከትለው ገቡ። የታወቀች አሺ ነች፤ ወለምታ ታስተካክላለች፣ የአራስ ወገብ ታሻለች። እጇ ትልቅ ነው፣ ያብረቀርቃል። አማቴ በሳህን ቅቤ ይዘዋል።

“ይቺ ትነካሽና ትሄጃለሽ” አሉኝ።

“ዶክተሯ ያለችውን አልሰሙም?”

“ሰምቻለሁ። ረጋ አለች አይደል? ቅቤም ይረጋል። የረጋ ቅቤ እጅ ሲያገኘው ምን ይሆናል?” ሳህኑን አዘነበሉት፤ ቅቤው ጫፉ ላይ ቀልጦ ሲንሸራተት አየሁት። “ይቀልጣል። ያው ነው። ክኒኑን አትዋጪ አላልኩም፤ ይህም ይጨመርበት።”

ሴትዮዋ አልጋው ላይ ተቀመጠች። “ነይ የኔ ልጅ፣ ቀስ አድርጌ ነው” አለችኝ። ድምፅዋ ደግ ነበር። ሁሉም ደጎች ነበሩ፤ እሱ ነው የሚያስፈራው።

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ስልኬን አውጥቼ ለባሌ ደወልኩና ድምፁን ከፍ አድርጌ አልጋው ላይ አስቀመጥኩት። ነገርኩት።

“እማዬ የምትልሽን እሺ በያት በቃ” አለ። ከኋላው የመኪና ድምፅ አለ። “እሷ ክፉ አታስብልሽም።”

“አታስብም። ግን እሞታለሁ።”

“አንቺ ደግሞ ታጋንኛለሽ። ስንት ሰው ታሽቶ ድኗል።”

“ልጅህ እናት የለውም በኋላ። ሰማህ?”

“እማዬ አለች አይደል?” አለ። አስቦበት አይደለም። ለማረጋጋት ነው። ግን ሰማሁት።

ይህን ሁሉ ስናወራ ሴትዮዋ ካልሲዬን ወደ ታች ጠቅልላ ቅቤውን ባቴ ላይ አፍስሳለች። አውራ ጣቷ ቁርጭምጭሚቴ ላይ ተተከለና ወደ ላይ፣ ወደ ጉልበቴ፣ ጫን ብሎ መጣ። ውስጤ የሆነ ነገር አብሮ የተንቀሳቀሰ መሰለኝ። ጮህኩ። እንዴት እንደጮህኩ አላውቅም፤ ልጄ ደንግጦ አለቀሰ፤ ሳህኑ ወለሉ ላይ ነው። በጉልበቴ ገፍቻት ተነስቼ ግድግዳውን ተደግፌ ቆሜያለሁ። ደረቴን በሁለት እጄ ይዤ ጠበቅኩ። ተነፈስኩ። እንደገና ተነፈስኩ። አልወጋኝም።

“ሰይጣን ነው!” አለች ሴትዮዋ እጇን እየጠረገች።

አማቴ ሳህኑን አላነሱም። ዓይናቸው እንባ ሞልቷል። “ልትሞቺብኝ ነው” አሉኝ። “በእጄ ላይ ልትሞቺብኝ ነው።”

“እኔም እሱን ነው የምለው እማማ።”

ቅቤውን በፎጣ ጠረግኩ። ካልሲውን እስከ ጭኔ ሳብኩት፤ ጠባብ ነው፣ ቅባቱ እያንሸራተተው ቶሎ አልወጣልኝም፤ ሁለቱም ቆመው አዩኝ። ጫማዬን አደረግኩ። ልጄን አነሳሁት። ስልኩ አልጋው ላይ “ሃሎ? ሃሎ?” ይላል።

“ገበያ ሳትወጪ?” አሉ አማቴ። በሩ ላይ ቆመዋል፣ ግን እጃቸው መቃኑን ለቆታል። “በእግርሽ? በጠራራ ፀሐይ? ሰው ምን ይለኛል?”

በጎናቸው አለፍኩ። ግቢውን አቋርጬ የቆርቆሮውን በር ከፈትኩ፤ ልጄን ፊቱን በነጠላ ሸፍኜ፣ ቀዩን መንገድ ይዤ በእግሬ ወደ ሆስፒታሉ ሄድኩ።